ልጄ ማላዊ እሄዳለሁ ብላለች፤ አባቷ ከገበታ ቀርቷል

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጆሃንስበርግ አጠገብ ነው። ባለቤቴ ሎኬሽን (የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር) ውስጥ ሱቅ አለው። ልጃችን 18 ዓመቷ ነው፤ ማትሪክን በጥሩ ውጤት አልፋ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ባለው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ታገለግላለች። ታዘምራቸዋለች፣ ታስጠናቸዋለች፣ ታበላቸዋለች። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እንዳትሄድበት ጫማዋን ይደብቅባታል። አሁን ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቆይቼ ከሚሲዮን ቡድን ጋር ማላዊ ሄጄ ሕፃናትና ወጣቶችን አገለግላለሁ ብላ ተነስታለች። እኛም ጴንጤ ነን፤ ማገልገሏን አንጠላም። አባቷ ግን ይህን ከሰማ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አላናገራትም። ከእኛ ጋር መብላትም ትቷል፤ ሱቅ ቆሞ ዳቦ በሻይ ቀማምሶ ይመጣል። ‹ለዚህ ነው የለፋሁት?› ያለው አንዴ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ‹አባዬ የሚወደኝ ስታዘዘው ብቻ ነው› ትላለች። እሱ ከሆሳዕና የመጣው በየብስ መንገድ ነው፤ ማላዊ ላይም ሰባት ወር ታስሯል። ስለዚያ አያወራም፤ ለሷም ነግረናት አናውቅም። እኔና እሷ ከአራት ዓመት በኋላ በአውሮፕላን ነው የመጣነው፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አባቷን ስታይ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። መሃል ቆሜ ተቃጠልኩ። ማንን ልያዝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲውና ስለ አገልግሎቱ በሰፊው ጽፈው፣ የባለቤትዎን እስር ግን በአንዲት መስመር አልፈውታል። እኔ ደግሞ ከዚያች መስመር መላቀቅ አቃተኝ። ልጅዎ ልትሄድበት ያሰበችው አገር አባቷ ስሙን ማንሳት የማይፈልጉት አገር ነው። ይህን ደግሞ ከእርስዎና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሷ አታውቅም።

ከኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፤ ሌሊት በእግር፣ ቀን ጫካ ውስጥ፣ አንዳንዴም በተዘጋ የጭነት መኪና። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከማላዊ ተነስቶ ሞዛምቢክ በገባ አንድ መኪና ውስጥ ቴቴ በሚባል ግዛት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ በዚያው መንገድ ያለፈ አባት ሁሉ ዜናውን የሰማው እንደኛ አልነበረም። ሊሎንግዌ ያለው የማውላ እስር ቤትም ብዙ ወገኖቻችን ቅጣታቸውን ጨርሰው እንኳ የመመለሻ ገንዘብ በማጣት የተንገላቱበት ነው። ባለቤትዎ የት እንደታሰሩ አልነገሩኝም። የትም ይሁን፣ ሰባት ወር ሰባት ወር ነው።

ባለቤትዎን አላየኋቸውም፤ ስለዚህ የምለው ግምት ነው። ግን ብዙ ጊዜ ያየሁት ግምት ነው። ሰው ክፉ ቀኑን ሸፍኖ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ልጅ አስተምሮ ዓመታት ይኖራል። አንድ ቀን የዚያ ቦታ ስም ከልጁ አፍ ሲወጣ ሰውነቱ ነገሩ ዛሬ እየሆነ ያለ ያህል ይደነግጣል። የአገራችን ወንድ ደግሞ «ፈራሁ» ማለት አልተማረም። ወይ ይቆጣል ወይ ዝም ይላል። «ለዚህ ነው የለፋሁት?» የሚለው ቃል ስለ ዩኒቨርሲቲ ይመስላል፤ እኔ ግን «እኔ ከዚያ ያመለጥኩት አንቺ ተመልሰሽ እንድትገቢ ነው?» የሚል ሆኖ ተሰማኝ።

ልጅዎ ይህን ልትሰማ አትችልም፤ ማንም አልነገራትማ። በአንድ ትሪ የምንበላ ሰዎች ነን፤ አባት ከትሪው ሲቀር ልጅ የምትረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠልቶኛል። «የሚወደኝ ስታዘዘው ብቻ ነው» ያለችው ከጥጋብ አይደለም። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመቷ ያላባት ያደገች ልጅ ናት። የአባት ዝምታ ለሷ ከሌላው ልጅ በላይ ይከብዳል። ያቺ ቀሚስዎ ውስጥ የተደበቀች ሕፃን ዛሬ ጫማዋን የሚደብቅባት ሕፃን አንጀቷን ቢበላት እኔን አይገርመኝም።

ስለዚህ «ማንን ልያዝ» የሚለውን ይተዉትና መጀመሪያ ከባለቤትዎ ጋር ይቀመጡ። ልጅቷ በሌለችበት፣ ሱቁ ተዘግቶ የቀኑ ሒሳብ ካለቀ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ስለ ትምህርት አያንሱ። «ማላዊ ስትል ምን ትዝ አለህ?» ብለው ብቻ ይጠይቋቸው፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። ምናልባት ተነስተው ይወጡ ይሆናል። ይውጡ፤ ጥያቄው አብሯቸው ይወጣል። ካወሩ ደግሞ ሁሉንም ዘርዝሩ ብለው አይጫኗቸው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ ያካፈላቸውን አንድ ቁራሽ ካወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በቂ ነው። ሌሊት የሚቃዡ፣ በር ሲቆለፍ የሚጨነቁ፣ ወይም መጠጥ የጨመሩ ከሆነ ግን ይህ የእርስዎ ሸክም ብቻ መሆን የለበትም፤ ባለሙያ ዘንድ አብረዋቸው ይሂዱ።

ከዚያ ለልጅቷ ራሳቸው ይንገሯት። እርስዎ አይንገሩላቸው። ቢያጥርም፣ ቢንተባተቡም ከአፋቸው ይውጣ። «አትሂጂ» ከሚለው ትእዛዝ ይልቅ «እዚያ አገር ምን እንደገጠመኝ ላውራሽ» የሚለው ቃል የ18 ዓመት ልጅ ጆሮ ይከፍታል። ሰምታም ልሂድ ልትል ትችላለች። ያኔ ቢያንስ የአባቷን ፍርሃት አውቃ የምትወስን ሰው ትሆናለች።

ልጅዎ የምታየው ማላዊ ደግሞ ሌላ ነው፤ ለባለቤትዎ ይህንንም ቢያጫውቷቸው ደስ ይለኛል። ቺራድዙሉ በሚባለው ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ጆን ቺሌምብዌ የተባለ አፍሪካዊ የባፕቲስት ፓስተር በጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስቶች ድጋፍ ሚሲዮን መሠረተ፤ ትምህርት ቤቶች ከፍቶ ልጆች አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1915 በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ላይ ተነስቶ ተገደለ፤ ዛሬ ምስሉ በማላዊ የብር ኖት ላይ ታትሟል። በዚያ ሚሲዮን ኤማ ዴላኒ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ታስተምር ነበር። ከምታስተምራቸው ልጆች አንዱ ዳንኤል ማለኬቡ ይባላል። እሷ ወደ አገሯ ስትመለስ እሱ መቅረት አልቻለም፤ ተከትሏት አሜሪካ ድረስ ሄደ። እዚያም ሕክምና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1926 ተመለሰና ተዘግቶ የነበረውን ሚሲዮን ዳግም ከፈተ። በባፕቲስቶች ዘንድ ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ይገባልም። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር የሚታዩኝ ከኋላ የቀሩት ወላጆቹ ናቸው። አንድ አስተማሪ በልጅ ልብ ውስጥ የምትይዘው ቦታ ይህን ያህል ነው፤ ባሕር ያሻግራል።

ለልጅዎ የምለው እዚህ ላይ ነው። ሊንዳ ሪችተር የተባሉት ደቡብ አፍሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ለአጭር ጊዜ መጥተው የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች የሚያደርሱትን ጉዳት አሳስበዋል። ወላጁን ያጣ ልጅ ከመጣው ሁሉ ጋር ይጣበቃል፤ እንግዳው በሄደ ቁጥር እንደገና ይለያል። ለማያውቀው ሰው ሮጦ እቅፍ የሚገባ ሕፃን ስናይ «እንዴት ፍቅር ነው!» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የሚይዘው ሰው አጥቶ ማንንም የሚይዝ ልጅ ነው። ይህን የምለው ልጅዎን ለማስቀረት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ሳታጓድል የሄደች ልጅ ከሚያልፍ እንግዳ ትለያለች፤ ለዚያ ልጅ «ትመጣለች» የሚባል ሰው ሆናለታለች። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን አንድ ቀን ከአባቷም አፍ ብትሰማው ይገባታል።

የሚልካትን ቡድን ግን ጠበቅ አድርጋ ትጠይቅ። ልጆቹ የሚኖሩት በቤተሰብ ነው ወይስ በማሳደጊያ? ዓመቱን ሙሉ የሚቆዩት የአገሩ ሠራተኞች እነማን ናቸው፤ እሷስ የምትሠራው በእነሱ ሥር ነው ወይስ በራሷ? ስትመለስ ሥራዋን ማን ይረከባል? ሕፃናት ጋ የሚሠሩ ሰዎች በሕፃናት ላይ ወንጀል አለመፈጸማቸው ይጣራል? (ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይህ ሕግ ነው፤ ለልጆች አይሆንም ተብሎ ስሙ በሕፃናት ጥበቃ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ከልጆች ጋር መሥራት አይችልም።) የት ታድራለች፣ ብትታመም ማን ሐኪም ቤት ያደርሳታል? እነዚህን ጥያቄዎች አባቷ ቢጠይቁ ደግሞ የበለጠ እወዳለሁ። ዝም ያለ አባት ጥያቄ በመጠየቅ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

አንድ አጣዳፊ ነገር አለ። ልጅዎ በምን ፔፐር (የመኖሪያ ወረቀት) እንደምትኖር አልጻፉልኝም። በጥገኝነት ጠያቂነት ከሆነ፣ ያለ ፈቃድ ከደቡብ አፍሪካ ከወጣች ፔፐሩ ይሰረዛል። ማንም ትኬት ሳይቆርጥ የስደተኞች ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። ዩኒቨርሲቲውንም ቦታዋን ለአንድ ዓመት ያቆይላት እንደሆነ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ በቃል የተነገረውን አትመን። መውጣት የማትችል ሆና ከተገኘ ደግሞ ባለቤትዎ እፎይ ብለው ጉዳዩ ያለቀ እንዳይመስላቸው፤ የማላዊው ወሬ አሁንም ይቀራል።

ያ የአምስት ዓመት ልጅም አለ። ማላዊም ሄደች ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ቅዳሜዎቿ መቀነሳቸው አይቀርም። ሰው እንዳያለቅስ ብለን ተደብቀን መሄድ ልማዳችን ነው፤ እሱ ላይ እንዳታደርገው። የምትሄድበትን ቀን አስቀድማ ትንገረው፤ ስንት ቅዳሜ እንደቀረ በጣቶቹ አብራው ትቁጠር፣ ከሷ በኋላ የምትመጣውንም ሰው ራሷ ታስተዋውቀው። የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ጫማዋን እሱ ያምጣላት።