የሶሱዋ ሌሊት ወዴት ይዛወር?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ሳይነጋገሩ አንድ ከተማ ላይ ተገናኝተዋል። ሶሱዋ። ለማያውቃት፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከፖርቶ ፕላታ በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ቀን ቀን ሰው የሚሄደው ለባሕሯ ነው። ማታ ደግሞ ፔድሮ ክሊሳንቴ ለሚባለው መንገዷ። ጭፈራ ቤቱም ቡና ቤቱም እዚያ ነው፤ በወሲብ ሥራ ተሰማርተው ቱሪስት የሚጠብቁት ሴቶችም እዚያው ናቸው። "ይሄን ነገር ከመሃል ከተማ እናውጣው" የሚለው ወሬ ደግሞ ሲነሳ ሲወድቅ ዓመታት አስቆጥሯል። አምስት ጥያቄ መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ሶሱዋ ለእረፍት ሄደን ወደድናት። ኤል ባቴይ በሚባለው ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ አይተናል፤ ከባሕሩ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፣ ዋጋው ለማመን ይከብዳል። ደላላው ጭፈራ ቤቶቹ በአዲስ ፕላን በቅርቡ ከከተማ እንደሚወጡና ያኔ የቤቱ ዋጋ እጥፍ እንደሚሆን ይነግረናል። እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

መልስ፦ ደላላ "ቶሎ በሉ" ሲል ቀስ ማለት ነው። ቤቱ ለምን ረከሰ? እናንተም ታውቁታላችሁ። ሙዚቃው ሌሊቱን ሙሉ መኝታ ቤት ድረስ ስለሚገባ ነው። ስለዚህ የምትገዙት ቤቱን ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው ከዚያ መንገድ ይነሳልናል የሚል ተስፋም አብራችሁ ትገዛላችሁ። ተስፋ ደግሞ ካርታ አይወጣለትም።

እስቲ ፕላን የሚባለው ነገር ምን እንደሚችል እንይ። እዚያ አገር የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ፣ ቁጥር 176-07፣ የመሬት አጠቃቀምን ለከተማው አስተዳደር ይሰጣል። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ስለ መሬት አጠቃቀም ራሱን የቻለ ሕግ ወጥቷል፣ ቁጥር 368-22። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ "እዚህ መንገድ ላይ አዲስ ጭፈራ ቤት አይከፈትም" ማለት ይችላል። የመጠጥ ሰዓትም ቢሆን ከ2006 ጀምሮ ድንጋጌ አለው፣ ቁጥር 308-06 ይባላል፤ ከእሁድ እስከ ሐሙስ እስከ እኩለ ሌሊት፣ አርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት። በ2019 ደግሞ ስለ ድምፅ ብክለት ሕግ ወጣ። አያችሁ፣ ሕግ አላነሰም። ያነሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልክ አንስቶ መጥቶ ስፒከሩን የሚያስቀንስ ሰው ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ የማይችለው ነገር ግን አለ፤ ደላላው የዘለለውም ይሄንኑ ነው። "የወሲብ ንግድ ቀጠና ከዚህ እስከዚያ" ብሎ ካርታ ላይ ቀለም መቀባት አይችልም። ለምን መሰላችሁ? እዚያ አገር ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት በራሷ ይህን ሥራ ብትሠራ ወንጀል አይደለም። በእሷ ገላ የሚነግድ፣ የሚያገናኝ፣ ከገቢዋ የሚካፈል ሦስተኛ ሰው ግን ወንጀለኛ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ እንዲህ የሚባል ንግድ ቤት የለም። ያለው ባር ነው፣ ሬስቶራንት ነው፣ ሆቴል ነው። "ይዛወራል" ሲሏችሁ የሚዛወረው የባሩ ፈቃድ ነው። ሴትዮዋ ፈቃድ የላትም። እሷ የምትሄደው ቱሪስቱ ወዳለበት ነው፤ ቱሪስቱ ያለው ደግሞ እናንተ ቤት ያያችሁበት ሰፈር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን፣ ሌሊት ሂዱ። ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መኝታ ቤቱ ውስጥ መስኮቱን ዘግታችሁ ቁሙ። ከታች ኮልማዶ ካለ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጎረቤት ጠይቁ፤ ኮልማዶ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው፣ ሩዝና ዘይት ይሸጣል፣ ቢራም ይሸጣል፣ ወንበር በሩ ላይ ተደርድሮ ባቻታ የሚባለው ሙዚቃቸው ሲለቀቅ ከጭፈራ ቤት አያንስም፣ እሱን ደግሞ ማንም አዛውራለሁ ብሎ አያውቅም። ከዚያ የመንገዱ የመሬት አጠቃቀም ምን እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቁ። ጠበቃ ያዙ፣ ግን ደላላው ያመጣላችሁን አይደለም። ይሄ ሁሉ አልፎ ዛሬ ካለው ጩኸት ጋር ከወደዳችሁት፣ ግዙት። ነገ ጸጥ ይላል ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ጥያቄ፦ ሶሱዋን የቆረቆሯት አይሁዶች ናቸው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (ከነታንያ፣ እስራኤል፣ አንድ አዛውንት አንባቢ)

መልስ፦ አባቴ፣ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። በ1938 ኤቪያን፣ ፈረንሳይ ላይ 32 አገሮች ስለ አይሁድ ስደተኞች ሊመክሩ ተሰብስበው ነበር። አብዛኛው ሰበብ ሲደረድር የዶሚኒካኑ አምባገነን ትሩሂዮ እስከ 100,000 ሰው እቀበላለሁ አለ። ደግ ሆኖ እንዳይመስልዎ። ከአንድ ዓመት በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ሄይቲያውያንን አስጨፍጭፎ ስሙ ጎድፎ ነበር። ከ1940 ጀምሮ ሶሱዋ የሰፈሩት ግን ጥቂት መቶዎች ናቸው። የተሰጣቸው የተተወ የሙዝ እርሻ ነበር። ከብት አረቡ፣ የወተትና የሥጋ ፋብሪካ አቆሙ፣ ከጦርነቱ በኋላ አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ምኩራቡና ትንሿ ሙዚየም እስከ ዛሬ ኤል ባቴይ ውስጥ አሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ያን ጊዜ ሰፋሪዎቹ ኤል ባቴይ፣ ዶሚኒካኖቹ ደግሞ ከባሕሩ ዳርቻ በወዲያኛው ጫፍ፣ ሎስ ቻራሚኮስ ሆኑ። ቱሪዝም ሲመጣ ሆቴሉም ጭፈራ ቤቱም ኤል ባቴይ ላይ ተተከለ። ዛሬ "ይዛወር" ሲባል ሎስ ቻራሚኮስ ያለው ሰው ቀድሞ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሀብታም ሰፈር ያልፈለገው ነገር የሚያርፍበትን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ከሁለት ልጆቼ ጋር ሶሱዋ ሄጄ አፈርኩ። ገና በጊዜ፣ እራት በልተን ስንመለስ፣ ልጄ "እማዬ እነዚያ ሴቶች ምን እየጠበቁ ነው?" አለችኝ። ሁሉንም ዘግተው ቢያባርሯቸው ምን ችግር አለው? እናንተ ደግሞ ለምን ትከራከሩላቸዋላችሁ? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ እህቴ፣ መደንገጥሽ ይገባኛል። እኔም ብሆን ለልጅ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ብቻሽን እንዳልሆንሽም እወቂ፤ በ2015 አምበር ኮቭ፣ በ2021 ደግሞ ታይኖ ቤይ የሚባሉ የመርከብ ወደቦች እዚያው ፖርቶ ፕላታ ከተከፈቱ ወዲህ አካባቢው ቤተሰብ ይዞ የሚመጣውን ቱሪስት ይፈልጋል። የማጽዳቱ ግፊትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፣ ገንዘብም አለበት።

ግን "ያባርሯቸው" ስትዪ ወዴት? ቆም ብለሽ አስቢው። በ1990ዎቹ ከተማዋ ላይ የተሠራ ጥናት እንደሚያሳየው አብዛኞቹ ሴቶች የሶሱዋ ተወላጆች አይደሉም። ከሌላ ክፍለ ሀገር ነው የሚመጡት፣ አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ለዘመድ ትተው። አንቺ ልጅሽን እጇን ይዘሽ ስታልፊ እሷም የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰላች ሊሆን ይችላል። አፈሳ ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ልጅ አላስረዳም። ፖሊስ ይመጣል፣ ሴቶቹ ይጫናሉ፣ ገንዘብ ያላት ትወጣለች፣ በሳምንቱ ሁሉም ይመለሳል። የሚለወጠው ነገር ቢኖር መንገዱ ላይ የነበረችው ወደ ጨለማው ጓሮ መግባቷ ነው።

ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እዚያው ፖርቶ ፕላታ አንድ ነገር ተሞክሮ ነበር፣ ውጤቱም በ2006 ታትሟል። ባለሥልጣናቱ ቡና ቤቶቹን መዝጋቱን ትተው ግዴታ ጣሉባቸው። ኮንዶም በየቤቱ ይኑር፣ ማስታወቂያ ይለጠፍ፣ ሴቶቹ በየወሩ ይመርመሩ፤ ይህን ያላሟላ ባለቤት ይቀጣል። ከጎኑ ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው ተሰብስበው ይመካከሩ ነበር። በግብረ ሥጋ የሚተላለፉ በሽታዎች ከ28.8 በመቶ ወደ 16.3 በመቶ ወረዱ። ዋና ከተማዋ ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ ያለ መንግሥት ደንብ ምክክሩ ብቻ ሲሞከር በበሽታው ላይ ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ፖርቶ ፕላታ ላይ የሠራው ምን ይመስልሻል? የሚጠየቅ ባለቤት መኖሩ ነው። በር አለ፣ አድራሻ አለ፣ ፈቃዱን እንዳያጣ የሚፈራ ሰው አለ። ቤቱን ዘግተሽ ሴቶቹን ሜዳ ላይ ስትበትኚ ይሄ እጀታ አብሮ ይጠፋል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

አንቺን ያስከፋሽ ነገር መፍትሔ የለውም እያልኩሽ ግን አይደለም። የቤተሰብ ሬስቶራንት ያለበት መንገድ ላይ የባሩ ወንበር ወደ ውስጥ ይግባ። መንገደኛን እጁን እየጎተቱ ማስገባት ያስቀጣ። ሙዚቃው በሰዓቱ ይቁም። እነዚህን ማዘጋጃ ቤት ዛሬውኑ ሊያደርጋቸው ይችላል፣ ማንንም ሳያፍስ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሮተርዳም ነው፣ ሥራ ቦታ ኩራሳዎ ከምትባለው የካሪቢያን ደሴት የመጡ ልጆች አሉ። እነሱ አገር ለዚህ ሥራ አንድ የታጠረ ቦታ ነበር ይላሉ። ሶሱዋስ እንደዚያ ብታደርግ አይገላግላትም?

መልስ፦ ልጆቹ የነገሩህ ካምፖ አሌግሬን ነው። ትርጉሙ "የደስታ ሜዳ" እንደ ማለት ነው፤ ስም የሚያወጣ ሰው አይጥፋ። በ1949 ተከፈተ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አየር ማረፊያው አጠገብ። ሐሳቡ መርከበኛውን፣ ወታደሩንና የነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኛውን ከዋና ከተማዋ ከዊለምስታድ መንገዶች ላይ ማንሳት ነበር። ሴቶቹ የደሴቷ ልጆች አልነበሩም፤ ከዶሚኒካን፣ ከኮሎምቢያና ከመሳሰሉት ለሦስት ወር ፈቃድ እየተሰጣቸው ይመጡ ነበር። ጎረቤቷ ደሴት አሩባም ሳን ኒኮላስ በምትባለው የቀድሞ የነዳጅ ማጣሪያ ከተማ ተመሳሳይ ነገር አላት፤ የታወቁ ባሮች፣ የሦስት ወር ፈቃድ፣ በአብዛኛው ኮሎምቢያውያን።

ሦስት ወሯን እስቲ አስላት። ሴትዮዋ ለጉዞና ለፈቃድ ተበድራ ትመጣለች። የመጀመሪያው ጊዜ ዕዳ መክፈያ ነው። ከባለቤቱ ብትጣላ ሌላ ቦታ ልሥራ ማለት ይከብዳታል፣ ፈቃዷ ከእሱ ጋር ነው የተሳሰረው። ደንበኛ ኮንዶም አላደርግም ቢላት የመመለሻዋ ቀን እየቀረበ ነው። አጥሩ የጠበቀው የደሴቷን ዓይን ነው እንጂ እሷን አይደለም። ደግሞ ያልተፈቀደላቸው ሴቶች አጥሩ ስላለ ብለው ከመንገድ አልጠፉም። ካምፖ አሌግሬ አሁን ተዘግቷል።

ሶሱዋ ይህን ልቅዳ ብትልም ያው ሕጓ አይፈቅድም፤ ቅድም ለሜሪላንዶቹ እንዳልኩት ሦስተኛ ሰው ከዚህ ሥራ ማትረፍ ወንጀል ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ካርታ ከመሳሉ በፊት ሴቶቹን ስብሰባ መጥራት ይቀላል። ሞዴሙ የሚባል፣ በዚህ ሥራ ያሉና የነበሩ ሴቶች የመሠረቱት ማኅበር እዚያ አገር ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ። ፕላን ሲወጣ የሆቴል ባለቤት ይጠራል፣ የአፓርታማ ነጋዴ ይጠራል፣ ቄሱም ይጠራል። እነሱም አንድ ወንበር ይሰጣቸው። የትኛው ጥግ መብራት እንደሌለው፣ የትኛው ሆቴል ሴት እንደሚደበደብበት፣ ሌሊት ወደ ቤት የሚመልሳቸው የሞተር ታክሲ የት እንደሚቆም ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሊያገባ ነው፤ ጓደኞቹ ሶሱዋ ወስደን እናስጨፍረው ብለዋል። "እዚያ ሁሉም ሕጋዊ ነው" ይላሉ። ነው እንዴ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ "ሁሉም" አይደለም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነች በየትኛውም አገላለጽ ሕጋዊ አይደለም፣ እዚያም እዚህም። አሜሪካ በ2003 ባወጣችው ሕግ መሠረት ዜጋም ሁን ባለ ግሪን ካርድ፣ ውጭ አገር ልጅ ላይ ያደረግከው ነገር ቨርጂኒያ ስትመለስ ያስከስስሃል፤ ቅጣቱ እስከ 30 ዓመት እስር ይደርሳል። "ትልቅ መስላኝ ነው" የሚለውን ለዳኛው ትነግረዋለህ። "አገናኝሃለሁ" የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ እሱ ራሱ በአገሩ ሕግ ወንጀል እየሠራ ነው፣ ከእሱ ጋር አትነጋገር።

ማስጨፈር ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ካባሬቴ እዚያው በምሥራቅ በኩል አጠገቧ ናት። ነፋሷን ፍለጋ ካይት ሰርፍ (በነፋስ እየተጎተቱ ባሕር ላይ መንሸራተት) የሚጫወቱ ይሄዱባታል፣ ማታ አሸዋው ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ወንድምህ ባሕር ካልፈራ እዚያ ውሰዱት።