ትናንት ደኅና የነበሩ አረጋውያን በድንገተኛ ክፍል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የ78 ዓመት እናታችን እስከ ማክሰኞ ድረስ ቡናቸውን ራሳቸው ያፈሉ ነበር። ከሐሙስ ሌሊት ጀምሮ ግን ከሞቱ ዘመዶቻቸው ጋር ያወራሉ፤ ከብርድ ልብሱ ላይም የሌለ ክር ይለቅማሉ። ጎረቤቶች «ጃጅተዋል» ይላሉ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል እንውሰዳቸው?

መልስ፦ መጃጀት በሁለት ቀን አይመጣም። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት እየባሰ የሚሄድ ሲሆን፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚከሰት፣ ቀን ቀለል ብሎ ማታ የሚበረታ መቃዠት ግን ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ሕመም ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ጥም፣ የስኳር መውረድ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም መድኃኒት ነው። ስለዚህ አስቀድመው አጠቃላይ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው። አረጋውያን የሳንባ ምች ይዟቸውም ትኩሳት ላያሳዩ ይችላሉና «አላተኮሳቸውም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በቅርብ ሳምንታት ወድቀው ከነበረ፣ በተለይ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ሊኖር ስለሚችል ሳይጠየቁ ይናገሩ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ለእንቅልፍ የተገዛ ዲያዜፓም ወይም ለማሳከክ የሚሰጠው ዳይፈንሃይድራሚን ብቻውን አረጋዊን ሊያቃዥ ይችላል። ከሁሉም በላይ ሐኪሙ ከእርስዎ ሊሰማው የሚገባው «እስከ ማክሰኞ ቡና ያፈሉ ነበር» የሚለውን ነው፤ ይህን የሚነግረው መሣሪያ የለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን የሚጮኹት ሳይሆኑ ዝም ብለው የሚያንቀላፉት ናቸው፤ ሕመሙ ያው ሆኖ ሳለ «ይረፉ» ተብለው ይታለፋሉ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ አባቴ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ዓመቱንና ሰዓቱን ተጠይቀው «2017፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብለው መለሱ። ግራ ተጋብተዋል ተብሎ ተመዘገበ።

መልስ፦ አባትዎ አልተሳሳቱም፤ በአገራቸው አቆጣጠር በትክክል መልሰዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ እንደገቡ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የልጅ ልጅ እንዲያስተረጉም አይተዉ። መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውንም አይርሱ፤ ያልሰማ ሰው ያልገባው ይመስላል።

ጥያቄ፦ የመርሳት በሽታ ያለባቸው አያቴ ስለተወራጩ እጃቸው ታስሮ ማረጋጊያ መርፌ ተወጉ። ልክ ነው?

መልስ፦ ራሳቸውን ወይም ሌላውን ለአደጋ ሲያጋልጡ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባም። ቀድሞ ሕመም፣ ጥም፣ የተሞላ ፊኛ ይታይ፤ የሚያውቁት ሰውም አጠገባቸው ይቀመጥ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፣ ለማረጋጊያ ከሚሰጡት መካከል አንቲሳይኮቲክ የሚባሉት (ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ) መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የመሞት ዕድልን እንደሚጨምሩ ያስጠነቅቃል። ፓርኪንሰን (እጅ የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴ የሚያዘገይ የነርቭ ሕመም) ካለባቸው ከእነዚሁ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሃሎፔሪዶል ሰውነታቸውን ክፉኛ ግትር ሊያደርገው ስለሚችል አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ አባቴ ምግብ ትተው «ሞት ቢወስደኝ» ይላሉ። የሽማግሌ ወግ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ራስዎን ሊጎዱ አስበው ያውቃሉ ወይ ብለው በግልጽ ይጠይቋቸው፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣም። ካሰቡ ብቻቸውን አይተዋቸው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ያቅርቧቸው።