ኮዴ አልሠራ አለኝ፦ የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ጸሐፊዎቻቸው ይለያዩ እንጂ ታሪካቸው አንድ ነው። ኮድ መጻፍ ጀመሩ፣ አንድ ቦታ ላይ ተቀረቀሩ፣ ኦንላይን እርዳታ ጠየቁ፣ ከዚያ ወይ መልስ አጡ ወይ የተሰጣቸው መልስ አናደዳቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስድብ ያለባቸውንም አለስልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኮዱን ከስክሪኑ ላይ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። አንዱ «በጽሑፍ ላክ» ብሎ ተቆጣኝ። ምን ልዩነት አለው?

መልስ፦ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ አይሞከርም፤ ነገ ተመሳሳይ ችግር የሚገጥመው ሰውም ሰርች አድርጎ አያገኘውም። ማየት የተሳነው ፕሮግራመር ደግሞ ስክሪን የሚያነብለት ሶፍትዌር ፎቶ ላይ ያለውን ኮድ በትክክል አያነብለትም። ሰውየው ልክ ነው። ቁጣው ብቻ ነው ትርፍ።

ጥያቄ፦ በየትኛው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልጀምር፣ በፓይተን ወይስ በጃቫስክሪፕት?

መልስ፦ ዌብሳይት መሥራት ካማረህ ጃቫስክሪፕት፣ ካልሆነ ፓይተን። አሁን ሌላ ግሩፕ ገብተህ ይህንኑ ጥያቄ እንዳትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቁጥሮች ተቀብሎ ትልቁን የሚናገር ፕሮግራም በፓይተን የጻፈች ልጅ ናት። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም ትላለች። ሁለት መቶ መስመር የሚሆነውን ኮድ እንዳለ ግሩፕ ላይ ለጥፋ ቀናት ጠበቀች፤ ትንፍሽ ያለ የለም። «ጀማሪ ስለሆንኩ ንቀውኝ ነው?»

መልስ፦ ንቀውሽ አይመስለኝም። ሁለት መቶ መስመር አይተው ነው የሸሹት። እዚያ መልስ የሚሰጡት ሰዎች ማንም አይከፍላቸውም። በሥራ መሀል ትንሽ ፋታ ሲያገኙ ጥያቄዎቹን ይቃኛሉ፣ በዚያች ፋታ የሚያልቅ ከመሰላቸው ያነሱታል፣ ካልመሰላቸው ያልፉታል። «አንዳንዴ አይሠራም» የሚል ጥያቄ ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ምን አስገባሽ? ምን ጠበቅሽ? ምን መጣ? ሦስቱም የሉም።

ኮዱን ለእኔም ስለላክሽው ሞከርኩት። 3፣ 7 እና 5 ሲገባ ትልቁ 7 ነው ይላል፤ ልክ ነው። 9 እና 10 ሲገባ ግን ትልቁ 9 ነው ይላል። ይህችን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ ብዙ የሠራ ሰው ኮዱን እንኳ ሳያይ ይገምትልሽ ነበር።

መልሱን ከመንገሬ በፊት ግን መንገዱን ላሳይሽ፤ መልሱ የሚጠቅምሽ ለዚህ ፕሮግራም ብቻ ነው፣ መንገዱ ግን ለሚቀጥሉት ሁሉ። መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጊ። ዋናውን አትንኪ። ከዚያ ቅጂው ላይ መቀስሽን አንሺ። ሜኑው ይውጣ። ራን አድርጊው። 9 አሁንም ከ10 ይበልጣል? እንግዲያው ሜኑው ንጹሕ ነው፣ አይመለስም። ውጤቱን ፋይል ላይ የሚያስቀምጠው ክፍል ይውጣ። ራን። አሁንም አለ? ቀጥዪ። ስም የሚጠይቀው፣ ሰላምታው፣ በኮከብ የተሠራው ማስጌጫ ሁሉ ይውጣ። አንዱን ክፍል ስታወጪ ስህተቱ ከጠፋ ደግሞ መልሰሽ አስገቢውና እሱ ላይ አተኩሪ። የአንቺው ኮድ ላይ ይህን ሳደርግ መጨረሻ የቀሩኝ ሦስት መስመሮች ናቸው፦ አንዱን ቁጥር በኢንፑት (ተጠቃሚው የሚጽፈውን በሚቀበለው ትእዛዝ) መቀበል፣ ሌላውን በኢንፑት መቀበል፣ የቱ እንደሚበልጥ ፕሪንት ማድረግ። 9 እና 10 ሰጠሁት። አሁንም «9» አለኝ።

የምወደው የሚቀጥለውን እርምጃ ነው። ሁለቱን ኢንፑቶች አውጪና በቦታቸው 9 እና 10ን በቀጥታ ኮዱ ውስጥ ጻፊ። ራን አድርጊው። 10 አለ! ስህተቱ የለም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ «ጭራሽ ጠፋብኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ነገር ግን የተቀየረው ምንድን ነው? ቁጥሮቹ ያው ናቸው። ማወዳደሪያውም ያው ነው። የተለየው ቁጥሮቹ የመጡበት በር ብቻ ነው። ሌባው ኢንፑት ላይ ተያዘ።

በፓይተን 3 ኢንፑት የሚመልስልሽ ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው። ተጠቃሚው 9 ብሎ ቢጽፍም ፕሮግራምሽ የሚቀበለው ቁጥር ሳይሆን አንድ ሆሄ ነው። ሁለት ጽሑፎች ሲወዳደሩ ደግሞ ከግራ ጀምሮ ሆሄ በሆሄ ነው። 9 ከ1 ስለሚበልጥ ውድድሩ እዚያው ያበቃል፤ ከ1 ኋላ የቆመውን ዜሮ የሚያየው የለም። 3፣ 7 እና 5 ባለ አንድ አኃዝ ስለሆኑ ነው ችግሩ ተደብቆ የቆየው። የተቀበልሽውን ኢንት በሚባለው ፈንክሽን ወደ ቁጥር ቀይሪው። ነጥብ ያለው ቁጥር የምትጠብቂ ከሆነ ፍሎት ተጠቀሚ።

እነዚያን ሦስት መስመሮች ግሩፑ ላይ ብትለጥፊ ቶሎ መልስ ታገኚ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ግን ኮዱ ሦስት መስመር ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መለጠፍም አያስፈልግም፤ ስህተቱ ራሱ ይታይሻል። ይህ ደግሞ ጀማሪ ላይ ብቻ የተጣለ ቅጣት አይደለም። ጂሲሲ የተባለውን ታዋቂ ኮምፓይለር (ኮድን ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) የሚሠሩት ሰዎች ስህተት አገኘሁ ብሎ የሚመጣን ሁሉ፣ አንጋፋም ቢሆን፣ ቨርዥኑን፣ ያዘዘውን ትእዛዝ በሙሉ፣ የወጣውን መልእክትና ስህተቱን የሚያስነሳውን ኮድ አምጣ ይሉታል። እነሱም ያንቺን ስክሪን አያዩም፤ ግሩፑም አያይም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጡ በኋላ ፓይተን መማር የጀመሩ አንባቢ ናቸው። ቀዩ የስህተት ጽሑፍ ሲዘረገፍ ከላይ ጀምረው እያነበቡ ግማሹ ላይ ይደክማሉ። «ሁሉንም ማንበብ አለብኝ?»

መልስ፦ የለብዎትም። ከታች ይጀምሩ። የፓይተን የመጨረሻ መስመር የስህተቱን ዓይነት ይነግርዎታል። ኔም ኤረር ካለ የማያውቀው ስም ጠርተውበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊደል ተሳስተው ነው። ታይፕ ኤረር ካለ ዓይነታቸው የማይገጥም ነገሮችን አገናኝተዋል፣ ለምሳሌ ጽሑፍና ቁጥር ደምረዋል። ከዚያ ወደ ላይ እየወጡ የራስዎን ፋይል ስም ይፈልጉ። መሀል ላይ እርስዎ ያልጻፏቸው ፋይሎች ስም ቢመጣ ያልፏቸው፤ የላይብረሪው፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ ናቸው። በፈረንጆቹ 2022 ከወጣው ፓይተን 3.11 ጀምሮ ከመስመሩ ውስጥ ችግር የፈጠረውን ክፍል በምልክት ያሰምርልዎታል።

አንድ ወጥመድ ልንገርዎት። ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ሥርዓት ስህተት) ሲሆን ጥፋቱ አንዳንዴ ከተጠቆመው መስመር በላይ ነው። በተለይ ከ3.10 በፊት የነበሩት ፓይተኖች እላይ ያልተዘጋ ቅንፍ ካለ የሚነቁት ዘግይተው ነው። ሰው ሲጠይቁ ደግሞ እርስዎ ቢዘሉትም ቀዩን ጽሑፍ ሙሉውን ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ የቤት ሥራዬ ነገ ጠዋት ያልቃል። ጥያቄውን ልላክልህ፣ ኮዱን ትልክልኛለህ?

መልስ፦ አልልክም። እስከ ጠዋት ያለህን ጊዜ ለቤት ሥራው የመጀመሪያ ጥያቄ ብቻ ስጠው።

ጥያቄ፦ ስታክ ኦቨርፍሎው በሚባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ዌብሳይት ላይ የመጀመሪያ ጥያቄውን የለጠፈ ወጣት ነው። ብዙም ሳይቆይ «ድግግሞሽ ነው» ተብሎ ተዘጋበት። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቅበት ወኔ የለውም።

መልስ፦ ያናድዳል፣ ልክ ነህ። ግን ቤቱ ለምን እንደተሠራ ብታውቅ ንዴትህ ይቀንሳል። ጄፍ አትውድና ጆል ስፖልስኪ በፈረንጆቹ 2008 ሲከፍቱት ያሰቡት አንዴ የተመለሰ ጥያቄ ለሚመጣው ሁሉ የሚያገለግልበት የእውቀት ክምችት ነው። ስለዚህ አንተን ከመርዳት በላይ ካንተ ኋላ በሰርች የሚመጣውን ሰው ያስባሉ። ጥያቄህ ድግግሞሽ ተብሎ ሲዘጋ ከላዩ ሊንክ ይቀመጥልሃል። ከፍተህ አይተኸዋል? በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ሊንኩ አንድም ቃል የለም፤ ጥርጣሬዬን ልደብቅህ አልችልም።

ሊንኩን አንብበህ ችግሩ ያንተ ካልሆነ ጥያቄህን አስተካክለው። «ይህን መልስ ሞክሬዋለሁ፣ የእኔ የሚለየው በዚህ ነው» ብለህ ጨምር። እንደገና የሚከፈትበት አሠራር አለ። እጅህን ይዞ ደረጃ በደረጃ የሚያወያይህ ሰው ከፈለግህ ግን የጀማሪዎች ቻት ግሩፕ ይሻልሃል።

ይህን ሁሉ ስል ግን አንድ ሰው «ይህን ካላወቅህ ፕሮግራሚንግ ተው» ካለህ ሊንክ የለውም፣ ምክንያትም የለውም። ባለጌ ነው። እሱን ሪፖርት አድርገህ እለፍ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። እንዳይስቁብኝ ፈራሁ።

መልስ፦ ኮዱና የስህተቱ መልእክት ግማሹን ንግግር ይናገሩልሻል። አጫጭር ዐረፍተ ነገር ጻፊ። ስታክ ኦቨርፍሎው ራሱ የስፓኒሽ፣ የፖርቱጋልኛ፣ የሩሲያኛና የጃፓንኛ ቅርንጫፎች ያሉት እንግሊዝኛ የሁሉም ሰው ስላልሆነ ነው። «በእንግሊዝኛዬ ይቅርታ» የሚለውን መግቢያ ግን ተዪው፣ ቦታ ይይዛል።

ጥያቄ፦ «የአንድ ጽሑፍ የመጨረሻ ሦስት ፊደላት እንዴት ይወሰዳሉ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ ከመስጠት ይልቅ «ለምን ፈለግኸው?» እያሉ አሰለቹት። «ምን አገባቸው?» ይላል።

መልስ፦ ያገባቸዋል! ደብዳቤህን እስከ ታች ሳነበው የፈለግኸው የፋይሉን ዓይነት ማወቅ ነው። ጄፒጂ ሦስት ፊደል ነው፣ ጄፔግ ተብሎ ሲጻፍ አራት ነው፣ ፒዋይ ሁለት ነው። ሦስት ፊደል መቁረጫውን ቢሰጡህ ኖሮ በሳምንቱ ተመልሰህ ትመጣ ነበር። ከመጨረሻዋ ነጥብ ጀምሮ ነው መቁረጥ ያለብህ፤ ለዚህም ፓይተን ውስጥ የተዘጋጀ ነገር አለ፣ ፓዝሊብ ይባላል። ሌላ ጊዜ የመረጥከውን መንገድ ብቻ አትጠይቅ፣ የምትሄድበትንም ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ሰዎቹ ከሚቆጡኝ ቻትጂፒቲን ብጠይቅ አይሻልም?

መልስ፦ አይቆጣም፣ ያ እውነት ነው። የስህተት መልእክት በቀላል ቋንቋ ሲያብራራም ጎበዝ ነው፤ ለዚያ ተጠቀሚበት። ችግሩ ሲሳሳትም ድምፁ ያው መሆኑ ነው። ቻትጂፒቲ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ወጣ፤ ስታክ ኦቨርፍሎው በቀናት ውስጥ በእሱ የተጻፉ መልሶችን ከለከለ። ምክንያታቸው መልሶቹ ሲያዩአቸው ልክ መስለው በብዛት ስህተት መሆናቸው ነበር። ዛሬ ሞዴሎቹ ተሻሽለዋል። ሆኖም የሌለ ፈንክሽን ወይም የሌለ ላይብረሪ ስም ጠርቶ እንድትጭኚ ሊነግርሽ ይችላል። ክፉ ሰው በዚያ ስም ጎጂ ኮድ አስቀምጦ ሊጠብቅሽ ስለሚችል፣ የማታውቂውን ላይብረሪ ከመጫንሽ በፊት ኦፊሴላዊ ዶክመንቴሽኑን ፈልጊ። የሰጠሽን ኮድ ደግሞ መልሱን አስቀድመሽ በምታውቂው ነገር ሞክሪው። 9 እና 10 ጥሩ መጀመሪያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ኮድ ራን ሳደርግ በጣም ይግላል፣ አንዳንዴም ይጠፋል።

መልስ፦ የማያልቅ ሉፕ (ራሱን ያለማቋረጥ የሚደጋግም ኮድ) እንዳልጻፍክ እይ። ካልሆነ ጠጋኝ ጋ ውሰደው።

ጥያቄ፦ 0.1 እና 0.2 ስደምር 0.30000000000000004 ይለኛል። ፓይተን ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። ኮምፒውተሩ ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች በሁለትዮሽ ነው የሚያስቀምጠው፣ 0.1 ደግሞ በሁለትዮሽ መቼም አያልቅም፤ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጣል። ጃቫስክሪፕትም ያንኑ ይልሻል። ለገንዘብ ሒሳብ ፍሎት አትጠቀሚ፣ ዴሲማል የሚባለው አለ።

ጥያቄ፦ እርዳታ ሲጠይቅ ኮዱን ከነኤፒአይ ቁልፉ ለጠፈው። ይህ ቁልፍ ፕሮግራም ወደ ሌላ አገልግሎት የሚገባበት ምስጢራዊ ኮድ ነው፤ ንብረትነቱም ጠያቂው የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ሰው ሲነግረው ወዲያው አጠፋው። «ማንም ያየው አይመስለኝም፣ አለቃዬ ባያውቅ ይሻላል፣ አይደል?»

መልስ፦ አይደለም። ይህን ማንበብ አቁምና መጀመሪያ ቁልፉን ሰርዘው። የተለጠፈ ቁልፍ የሚለቅሙ ቦቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ለመልቀም ደቂቃም አያስፈልጋቸውም። ጊት (የኮድ ለውጦችን ሁሉ መዝግቦ የሚይዝ ሶፍትዌር) ላይ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ብታጠፋውም ታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። መሰረዝ ያለበት ቁልፉ ነው፣ አዲስ ታወጣለህ።

ከዚያ ዛሬውኑ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ ለአለቃህና ለሴኩሪቲ ኃላፊው ንገር። ቁልፉ ምን ምን እንደሚከፍት፣ ማንስ እንደተጠቀመበት ሎግ አይተው ማወቅ የሚችሉት እነሱ ናቸው። እኔ አልችልም፣ ግሩፑም አይችልም። «በውስጥ መስመር ላግዝህ፣ ፓስዎርዱን ላክልኝ» የሚል ደግ ሰው ከመጣ ደግሞ ብሎክ አድርገው።

ጥያቄ፦ ችግሬን ራሴ ፈታሁት። ጥያቄዬን ላጥፋው?

መልስ፦ አታጥፊው። ከሥሩ እንዴት እንደፈታሽው ጻፊ። «ተፈታ፣ አመሰግናለሁ» ብቻ ብለሽ እንዳትሄጂ፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ስህተት ይዞ የሚመጣ ሰው ይረግምሻል።

ጥያቄ፦ የኮድ መስመር ወደ ውስጥ ገባ ለማድረግ ታብ ወይስ ስፔስ?

መልስ፦ ለፓይተን አራት ስፔስ፤ የቋንቋው የአጻጻፍ መመሪያ የሚለው እሱን ነው። ሁለቱን አደበላልቀህ ከተጠቀምክ ፓይተን 3 ራሱ ይቆጣሃል። በሌሎቹ ቋንቋዎች ያለው ጠብ ውስጥ አልገባም።