«በፍጹም!» ብላ ከባንክ ቃለ መጠይቅ ለወጣችው

እህቴ፣ ደብዳቤሽ አበሳጨኝ። አንቺ አይደለሽም ያበሳጨሽኝ። በአካውንቲንግ ተመርቀሻል፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈሻል። ጠያቂዎቹ «ኮምፕሮማይዝ ለማድረግ ፈቃደኛ ነሽ?» ሲሉሽ «በፍጹም!» አልሽ። ተያዩ፣ አላለፍሽም። አሁን አባትሽ በሬ ሸጠው የስድስት ወር እንግሊዝኛ ሊያስተምሩሽ ነው።

በሬው አይሸጥ። ደግነታቸው ይገባኛል፤ ግን ለከርሞ በምን ሊያርሱ ነው? እንግሊዝኛሽ እኮ ደህና ነው። ያ ቃል ሁለት መልክ እንዳለው የነገረሽ ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

መነሻው ላቲን ነው፤ ሁለት ተከራካሪዎች «ሽማግሌ የፈረደውን እንቀበላለን» ብለው የሚገቡት የጋራ ቃል ኪዳን ነበር። ስለዚህ «ኮምፕሮማይዝ ኦን ዘ ፕራይስ» ሲባል ሻጭም ገዢም ለቀቅ አድርገው ዋጋው ላይ ተስማሙ ማለት ነው። «ኦን» ስትወጣ ግን ነገሩ ይከፋል። «ኮምፕሮማይዝ ዘ ኮንትሮል» ማለት ቁጥጥሩን ማላላት፣ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የይለፍ ቃልሽ ሲሰረቅ አካውንትሽ «ኮምፕሮማይዝድ» ሆኗል የሚሉሽም ለዚህ ነው። (ጥራት ወይም መርህ ከተከተላት ደግሞ «ኦን» ብትኖርም አታድንም።)

እኔ ኦዲት ክፍል ነው የሸበትኩት፤ እዚያ ይህ ልዩነት እንጀራ ነው። የካዝና ቁልፍ ለሁለት ሰው የሚከፋፈለው ያለ ነገር አይደለም። አንዷ ምሳ ስትወጣ ቁልፏን ለባልደረባዋ ትታ ብትሄድ፣ አንድ ብር ባይጎድልም ኦዲተሩ «ኮንትሮሉ ኮምፕሮማይዝ ሆኗል» ብሎ ይጽፋል።

አንቺ የመለስሽው ለቁልፉ ነው፤ እነሱ የጠየቁሽ ስለ ባልደረባ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ ጊዜ «በሥራ ክፍፍልና በእረፍት ቀን እስማማለሁ፣ በቁልፍና በፊርማ ግን አልደራደርም» በያቸው። ግራ ከገባሽም «ከሥራ ባልደረባ ጋር ስለመስማማት ነው?» ብለሽ መልሰሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም።

ለእንግሊዝኛው፣ ባንኮች የሚያወጡት ዓመታዊ ሪፖርት ይበቃሻል። በነፃ ይገኛል። የውጭ ኦዲተሩን ገጾች አንብቢ፤ አዲስ ቃል ሲገጥምሽ ቃሉን ነጥለሽ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ደብተርሽ ላይ ገልብጪ።

ያሰብሽው ማስተርስ ይቆይ። አጎትሽ «ባንክ ካልሆነ ቤት ተቀመጪ» ያሉትንም እለፊው፤ የታክሲሽን የሚከፍሉት እሳቸው አይደሉም። መርካቶ አስመጪው ቤት ያገኘሽው የሒሳብ ሥራ ደመወዙ ቢያንስም ግቢበት። ደረሰኝ ታገላብጫለሽ፣ የባንክ ሒሳብ ከመዝገብ ጋር ታስታርቂያለሽ፣ ለቀጣዩ ቃለ መጠይቅም የምታወሪው ነገር ይኖርሻል። ደመወዙ ከሙከራ ጊዜ በኋላ እንደገና እንዲታይልሽ ጠይቂ፤ እሺ ካሉሽ ውሉ ላይ ይጻፍልሽ።