ይጠይቁን፦ የስድሳ ዓመቱ ድራማ ልጆቹን በምን ያዛቸው?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ክረምቱን እኛ ዘንድ ሊያሳልፉ ለመጡት የእህቴ ልጆች፣ ሙቀቱ ከቤት መውጣትን በከለከለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ «ትዋይላይት ዞን» የተባለውን የቆየ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ከፈትኩላቸው። በመጀመሪያ በጥቁርና ነጭ ምስሉና ካርቶን በሚመስለው የጠፈር መንኮራኩሩ ሳቁ። ሁለተኛው ክፍል ሳያልቅ ግን ሁሉም ስልካቸውን አስቀምጠው ነበር፤ ካለቀም በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የድራማው ምስጢር ያልተጠበቀ መጨረሻው ብቻ ነው ይላል። እኔ ግን መጨረሻቸውን በቃሌ የማውቃቸውን ክፍሎች ዛሬም ደግሜ አያለሁ። ይህ ሥራ ይህን ያህል ዘመን ሰውን የሚይዘው በምንድን ነው? ከልጆቹስ ጋር የትኛውን ክፍል ላስቀድም?
መምህሩ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ለባልደረባዎ የሚሆነው መልስ በራስዎ ደብዳቤ ውስጥ አለ። መልሱ የታወቀ እንቆቅልሽ አገር አያሰጥም፤ የዚህ ድራማ ኃይል በመጨረሻው ድንገቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ዳግመኛ ሊያየው ባልተቀመጠም ነበር። እርስዎ ደግመው የሚያዩት፣ እኔም ለብዙ ዓመታት ደግሜ የማየው፣ መጨረሻው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በሰዎቹ ጠባይ ውስጥ ሲበስል መመልከት ስለሚያጠግብ ይመስለኛል።

ሥራውን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት ልበል። ድራማው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2 ቀን 1959 እስከ ጁን 19 ቀን 1964 በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን የተላለፈ ሲሆን 156 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሰዎች፣ የራሱ ቦታና የራሱ ፍጻሜ ያለው ሙሉ ታሪክ ነው፤ ከክፍል ወደ ክፍል የማይለወጠው የተራኪው የሮድ ሰርሊንግ ድምፅ ብቻ ነው። ሰርሊንግ የድራማው ፈጣሪ ነበር፤ 92ቱን ክፍሎች የጻፈውም እርሱ ነው። ከሌሎቹ ጸሐፊዎች መካከል ሪቻርድ ማቲሰንና ቻርልስ ቦሞንት ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛሉ።

ይህ ሰው ወደ ሳይንስ ልብ ወለድ የመጣው ሮኬት ወድዶ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ግንባር በፓራሹት ወታደርነት ተዋግቶ ቆስሏል፤ በ1960 ከታዩት ክፍሎች አንዱ፣ በጓዶቹ ፊት ላይ በሚያየው እንግዳ ብርሃን ቀጥሎ የሚሞተውን የሚያውቅ መኮንን ታሪክ፣ የተቀመጠውም በዚያው በፊሊፒንስ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለቴሌቪዥን ቀጥተኛ የሆኑ ማኅበራዊ ድራማዎችን ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በሚሲሲፒ በነጮች ሲገደልና የተከሰሱት ሰዎች በነጻ ሲለቀቁ፣ ሰርሊንግ ከዚያ የተነሣ ድራማ ጻፈ። በ1956 ለሕዝብ ሲቀርብ ግን የስፖንሰሮች ፍርሃት ጽሑፉን በልቶት ነበር፤ ቦታው ከደቡብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተወስዶ፣ ሟቹም ማንነቱ የማይታወቅ የውጭ አገር ሰው ሆኖ ቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ የመንጋ ፍርድ፣ ያንኑ ጥላቻ በሌላ ዓለም ፍጡራን ስም ሲጽፍ ከልካይ አልነበረውም።

በእኛ ዘንድ ይህን ሰምና ወርቅ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ልዩነቱ የሚገባኝ ሰሙ ላይ ነው። በቅኔ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ ብዙ አይፈለግም፤ እዚህ ግን ፍርሃቱ፣ ጨለማውና እንግዳው ነገር እንደ ታሪክ ራሱን ችሎ ይቆማል። ትርጉሙን ያልፈለገ ልጅም ይፈራል፣ ይጓጓል፤ ትርጉሙ ከዓመታት በኋላ ብቻውን ይመጣበታል።

ለዚህ ከሁሉ የቀረበ ምስክር የምለው እ.ኤ.አ. በ1960 የተላለፈው የሜፕል ጎዳና ታሪክ ነው። አንድ አመሻሽ ላይ በሰማይ አንድ ነገር አብርቶ ያልፋል፤ ወዲያው መብራት ይጠፋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ መኪናም አልነሣ ይላል። አንድ ልጅ፣ ከሌላ ዓለም የሚመጡ ፍጡራን ሰው የሚመስል ቤተሰብ አስቀድመው እንደሚልኩ ማንበቡን ይናገራል። አዋቂዎቹ የልጅ ወሬ ነው ብለው ለመተው ይሞክራሉ። ጥቂት ቆይቶ የአንዱ ጎረቤት መኪና በራሱ ሲነሣ ግን፣ ሰውዬው እንቅልፍ አጥቶ ሌሊት ሰማይ ሰማይ ሲያይ ማየታቸው ትዝ የሚላቸው ሰዎች ይገኛሉ። ከዚያ ሌላው ምድር ቤቱ ውስጥ ስላለው ሬዲዮ ይጠየቃል። ከጨለማው ወደ እነርሱ የሚመጣው ጥላ፣ ነገሩን ለማጣራት ወደ ሌላው መንደር የሄደው የገዛ ጎረቤታቸው መሆኑን ያወቁት ተተኩሶበት ከወደቀ በኋላ ነው። የተኮሰው ሰው ቤት መብራት ድንገት ሲበራም ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ይዞራል፤ እርሱም ልጁን ይከስሳል። በመጨረሻ ካሜራው ወደ ኮረብታው ሲያፈገፍግ፣ እውነተኞቹ እንግዶች ከላይ ቆመው ይታያሉ፤ መብራት ከማጥፋትና ከማብራት በቀር ምንም አላደረጉም።

እኔ በምኖርበት የሐረር ሰፈር መብራት በጠፋ ማታ ሁላችንም ደጃፍ ወጥተን ማዶ ያለው ሰፈር በርቶ እንደሆነ እንመለከታለን። አንድ ቤት ብቻ ከበራ፣ ባለቤቱ ጄኔሬተር እንዳለው እያወቅን እንኳ ዓይናችን እዚያ ቤት ላይ ትንሽ ይቆያል። ማንም ክፉ አይናገርም፤ ሻማ የምንዋዋስ፣ ለቅሶና ሠርግ አብረን የምንውል ሰዎች ነን። ነገር ግን ያንን ክፍል ካየሁ ወዲህ፣ ያቺን አጭር አተያይ በራሴ ዓይን ውስጥ አውቄአታለሁ፤ ደስ አላለኝም። የእህትዎ ልጆች ዝም ያሉትም በዚህ ዓይነቱ ነገር እንደሆነ እገምታለሁ። ካርቶኑ ካርቶን መሆኑን አይተዋል፤ ሰዎቹ ግን የሚያውቋቸው ሰዎች ሆኑባቸው።

ባልደረባዎ የመጨረሻውን ድንገቴ ሲጠቅሱ ምናልባት የባንክ ሠራተኛውን ሄንሪ ቤሚስን አስበው ይሆናል። ማንበብ የሚወድ፣ አለቃው የሚቆጣው፣ ሚስቱ የግጥም መጽሐፉን ገጾች በቀለም የሰረዘችበት ሰው ነው። በባንኩ ካዝና ውስጥ ተሸሽጎ ሲያነብ የኒውክሌር ቦምብ ከተማውን ያጠፋና ብቻውን ይተርፋል፤ መጻሕፍቱን ከፍርስራሹ ሰብስቦ፣ ለዓመታት የሚያነበውን ደርድሮ ደስ ባለው ሰዓት መነጽሩ ይሰበራል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ከሰዎች ጋር አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም ክርክር ያስነሣል። ቅጣቱ ይገባዋል ወይ? እኔ አይገባውም እላለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወዳጆቼ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ባለቀበት ከተማ መካከል ደስ ሊለው ቻለ ብለው ይፈርዱበታል። ድንገቴው ሃያ ሰከንድ ነው፤ ክርክሩ ግን ሌሊቱን ያነጋል።

ለድሬዳዋ ሰው ደግሞ አንድ ሌላ ክፍል በተለየ ልብ ይገባዋል። የማስታወቂያ ድርጅት ኃላፊ የሆነ የ36 ዓመት ሰው ሥራው ሰልችቶት፣ ወዳደገባት ትንሽ ከተማ በእግሩ ይሄዳል፤ እዚያም ከተማዋን በልጅነቱ እንደ ነበረች፣ ራሱንም ልጅ ሆኖ ያገኛል። ልጁን ሊያነጋግረው ሲያባርረው ልጁ ከሚሽከረከረው የፈረስ መጫወቻ ወድቆ እግሩን ይጎዳል፤ ሰውዬውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያነክሳል። ያ በጋ የልጁ ብቻ እንደ ሆነና ትቶለት እንዲሄድ የሚነግረው አባቱ ነው፤ በፍቅር ይነግረዋል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ከተሠራ ወዲህ፣ ከረጅም ስደት ተመልሶ በከዚራ ዛፎች ሥር ወደ ድሮው ጣቢያ የሚያዘግም ሰው እርስዎም ሳያዩ አልቀሩም።

ሁሉም ክፍል እኩል ነው አልልም። ቀልድ ለመሆን የተጻፉት አብዛኞቹ አርጅተዋል፤ በአራተኛው ዙር እያንዳንዱ ክፍል ወደ አንድ ሰዓት ሲረዝም፣ በሃያ አምስት ደቂቃ የሚያልቀው ታሪክ ውኃ እንደ በዛበት ወጥ ቀጠነ። ሰርሊንግም አንዳንድ ጊዜ ሰዎቹን ማነጋገር ትቶ በአፋቸው ይሰብካል። ጥቁርና ነጭነቱን ግን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ፊቷ በፋሻ የተጠቀለለ ሴት በሆስፒታል ተኝታ ውጤቷን በምትጠብቅበት ክፍል፣ ሐኪሞቹ ከጥላ ወደ ጥላ እየተንቀሳቀሱ ፊታቸው እስከ መጨረሻው ሳይታይ የቆየው ጥቁርና ነጩ በሰጠው ጨለማ ነው።

ስለዚህ፣ ልጆቹ እነዚህን ሁለት ክፍሎች ካላዩዋቸው፣ በሜፕል ጎዳና ይጀምሩ፤ የባለ ፋሻዋን ሴት ያስከትሉ። ወደ ልጅነቱ ከተማ የተመለሰውን ሰው ግን አሁን አያሳዩአቸው፤ ክረምቱ አልቆ ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት ዋዜማ ቢያዩት ይሻላል።