የፊት ጎማው ለማረፊያ አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሴስና 172 በምትባል ትንሽ አውሮፕላን በረራ እየተማርኩ ነው፣ ሶሎ (ብቻዬን) ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ባለፈው ሳሳርፍ አውሮፕላኑ ነጠረብኝ፣ ደንግጬ መሪውን ወደፊት ገፋሁት፣ ከዛማ ከበፊቱ ብሶ ነጠረ፣ ሁለተኛው ላይ በፊት ጎማው ነው የመታው፣ እንደምንም ቆመልኝ። ከውጭ ሲታይ አውሮፕላኑ ምንም የሆነ አይመስልም። ምንድነው ያጠፋሁት? ለማንም አልተናገርኩም ደግሞ።

መልስ፦ ወንድሜ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ዛሬውኑ ተናገር። ሌላ ተማሪ ይዞት ሳይነሳ። 172 ላይ የፊት ጎማው የታሰረው ፋየርዎሉ ላይ ነው፣ ማለትም ሞተሩንና ካቢኑን የሚለየው ቆርቆሮ ላይ፣ እና ጎማው በኃይል ሲመታ ጉዳቱ የሚሄደው ወደዛ ነው። ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጡ ተጨማዶ ሊሆን ይችላል፣ ሜካኒኩ ካውሊንጉን (የሞተሩን ክዳን) አንስቶ ካላየው አይታወቅም። ፕሮፔለሩ ጫፍ ላይም ጭረት ካለ ወይ ትንሽ ከታጠፈ ነገሩ ሌላ ነው፣ ሞተሩ እየሰራ ፕሮፔለር መሬት ከነካ በቃ ሞተሩም አብሮ ተመቷል። ላይካሚንግ ሰራሽ ሞተር ላይ የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ በ2004 ያወጣው መመሪያ አለ፣ ከእንደዚህ አይነት ምት በኋላ ከሞተሩ ጀርባ ያለው የክራንክሻፍት (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) ጊር እንዲፈተሽ ያስገድዳል። ፕሮፔለሩን ብቻ ቀይሮ መብረር አይቻልም። ስትናገር ይቆጡህ ይሆናል፣ ግን የተናገረ ተማሪ ነው የሚታመነው፣ እኔ በበኩሌ እንደዛ ነው የማየው።

አሁን ወደ ጥፋቱ። የመጀመሪያው መንጠር ጥፋት አይደለም፣ ሁሉም ሰው ይነጥራል። ችግሩ የመጣው ስትገፋው ነው። ሚዛኑ (የአውሮፕላኑ ክብደት መሀል) ያለው ከዋናዎቹ፣ ማለትም ከኋላ ካሉት ሁለት ጎማዎች ትንሽ ወደፊት ነው አይደል፣ የፊት ጎማው ደግሞ ከሚዛኑ ፊት ነው ያለው፣ ስለዚህ የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት ሲመታ መሬቱ አፍንጫውን ወደላይ ይወረውረዋል፣ አፍንጫው ሲነሳ ክንፉ እንደገና ሊፍት (ወደላይ የሚያነሳ ኃይል) ይሰራና አውሮፕላኑ ይነሳል፣ አንተ ይሄን አይተህ ትገፋለህ፣ ግን አንተ እስክትገፋና አውሮፕላኑ እስኪታዘዝህ ድረስ እሱ ቀድሞ መውረድ ጀምሯል፣ ስለዚህ ያንተ ግፊት የሚያግዘው መውረዱን ነው። ሁሌም አንድ እርምጃ ወደኋላ ትቀራለህ። ለዛ ነው እያንዳንዱ ምት ከበፊቱ የሚከፋው፣ ሦስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ወይ የፊት ጎማው ወይ ፕሮፔለሩ ይሄዳል። ሁለተኛው ላይ ስለቆመልህ እግዚአብሔርን አመስግን።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ትንሽ ከነጠረ የአፍንጫውን ከፍታ እንዳለ ያዘው፣ አትግፋ አትጎትት፣ ጋዝ ትንሽ ጨምር፣ ራሱ ይቀመጣል። ከፍ ብሎ ከነጠረ ወይም እያመነታህ ከሆነ ሙሉ ጋዝ፣ ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደታች የሚዘረጋውን) ወደ 20 ዲግሪ፣ ተነስተህ ዙረህ ና። ሁለተኛ እስኪነጥር አትጠብቅ።

የመጀመሪያው መንጠርስ ከየት መጣ? ከመቶ ዘጠናው ከስፒድ ነው ብዬ አምናለሁ። የ172ኤስ (የ172 አንዱ ሞዴል) ማኑዋል ለማረፍ ስትመጣ በሙሉ ፍላፕ ከ60 እስከ 70 ኖት (በሰዓት የባህር ማይል) ይላል። 65 ይዘህ መምጣት ሲገባህ 75 ከሆንክ ያለህ ጉልበት በ33 ፐርሰንት ገደማ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ጉልበት የሚያድገው በስፒዱ ስኩዌር ነው፣ 10 ኖት ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። ያ ትርፍ ጉልበት ሳያልቅ መሬቱ ላይ ልታስገድደው ስትሞክር ነው አውሮፕላኑ በሦስቱም ጎማ ወይም በፊት ጎማው የሚመታው። ስለዚህ አታስገድደው፣ ራንዌዩን ጨርፈህ እየሄድክ አይንህን ወደ ራንዌዩ ጫፍ ወርውር፣ ጋዙን ዝቅ አድርግ፣ ሲሰምጥ ጎትት፣ ሲሰምጥ ጎትት፣ እሱ መብረር እስኪያቅተው ድረስ። ራንዌይህ እያለቀ ከሆነ ደግሞ ዙር እንጂ አትግፋው።

ጥያቄ፦ ዋናዎቹ ጎማዎች መሬት ከነኩ በኋላ ኢንስትራክተሬ «ያዢው ያዢው» እያለ ይጮህብኛል። አርፌያለሁ እኮ፣ ምኑን ነው የምይዘው? የምበረው ፓይፐር ቼሮኪ ነው።

መልስ፦ እህቴ ኢንስትራክተርሽ ልክ ነው። ዋናዎቹ ሲነኩ መሪውን ከለቀቅሽው አፍንጫው ዱብ ይላል፣ ያ ምት በየቀኑ ሲደጋገም ነው ስትራቱን (የጎማውን እግር) እና ማሰሪያውን የሚጨርሰው። ስፒዱ እየቀነሰ ሲሄድ ስታቢሌተሩ (አፍንጫውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የጭራው ክንፍ) የሚያገኘው አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ ጭራሽ ይበልጥ ወደኋላ መጎተት አለብሽ፣ አፍንጫው ራሱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፍሬን ከዛ በኋላ ነው፣ እሱም ቢሆን መሪውን እንደያዝሽ፣ ምክንያቱም ፍሬን ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊት ጎማው ነው የሚገፋው።

ቼሮኪ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የፊት ጎማው ከፔዳሉ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፣ አየር ላይም ሆኖ ፔዳሉን ተከትሎ ይዞራል። የጎን ንፋስ ኖሮ ፔዳል ረግጠሽ ከሆነ የመጣሽው፣ የፊት ጎማው ልክ መሬት ሊነካ ሲል ፔዳሉን ወደ መሀል መልሽው፣ ካልሆነ ጎማው ዞሮ ነው የሚነካውና አውሮፕላኑ ወደ ጎን ይስብሻል። ሴስና ላይ አየር ላይ ስትሆኚ ስትራቱ ሲዘረጋ ጎማው መሀል ላይ ስለሚቆለፍ ከዛ የመጣ ሰው ይሄን ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ ሴስና 182 አለኝ። ሁለት ሆነን ከፊት ተቀምጠን ስንበር ሙሉ ፍላፕ አድርጌ ሳሳርፍ አፍንጫው በጣም ይከብደኛል፣ የምጎትተው አይበቃም። አውሮፕላኑ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

መልስ፦ ሁለታችሁም አይደላችሁም፣ ሚዛኑ ነው። 182 ሞተሩ ከባድ ነው፣ ከፊት ሁለት ሰው ብቻ ሲቀመጥ ሚዛኑ ወደፊት ገደቡ ይጠጋል። መጀመሪያ የክብደትና ሚዛን ሂሳቡን በወረቀት ይስሩት፣ ገደቡ ውስጥ ሆኖ ከኋላ ሻንጣ ቤቱ ውስጥ በደንብ የታሰረ ክብደት ቢያስቀምጡ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዎታል። ፋይናል ላይ (ቀጥታ ወደ ራንዌዩ ሲመጡ) ትሪሙን (መሪውን ባለበት የሚያግዘውን ማስተካከያ) በደንብ ወደኋላ ያምጡት፣ እጅዎ ብቻውን እንዳይታገል። ጋዙን ደግሞ ከፍ ብለው እንዳሉ በአንድ ጊዜ አይዝጉት፣ ትንሽ ይዘው ፍሌር ውስጥ (መሬት ሊነኩ ሲሉ አፍንጫውን ከፍ ሲያደርጉ) ሲገቡ ቀስ እያሉ ይቀንሱ፣ ከፕሮፔለሩ የሚመጣው አየር ጭራው ላይ ያለውን ኤሌቬተር (አፍንጫውን የሚያነሳውን) ያግዘዋል። ራንዌዩ ረጅም ከሆነ ፍላፑን ሙሉ ባያደርጉትም ችግር የለውም፣ ስፒዱን ግን ለዛ ፍላፕ ማኑዋሉ ባለው ያድርጉት።

እስካሁን አፍንጫው እየከበደዎት ያሳረፉትም ስላለ በሚቀጥለው ኢንስፔክሽን ሜካኒኩን የፋየርዎሉን የታችኛውን ጠርዝ በባትሪ እንዲያይልዎት ይጠይቁት፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ ወይም የላላ ሪቬት ካለ እዛጋ ነው የሚታየው።