ወፍራሟ እኔ፣ ስኳሩ የባለቤቴ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 82 ኪሎ። ባለቤቴ 51 ዓመቱ ነው፤ 1 ሜትር ከ70፣ 74 ኪሎ። እሱ ከሆዱ በቀር ቀጭን ነው፤ የእኔ ውፍረት ግን ዳሌና ጭኔ ላይ ነው። ባለፈው ወር አብረን ስንመረመር በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር የእኔ 91፣ የእሱ 119 ሆነ። የእሱ ትራይግላይሰራይድ የሚባለው የደም ቅባትም 240 ደርሷል። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ውጤቱ ተቀያይሮ ይሆን? እኔስ ከእንግዲህ አልሰጋም ማለት ነው?
(የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ውጤቱ የተቀያየረ አይመስለኝም። ስለ ሁለታችሁ ሰውነት የጻፉት ራሱ መልሱን ይዟል።

ሚዛን ጠቅላላ ክብደትን ይናገራል እንጂ ስቡ የት እንደተቀመጠ አያሳይም። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የሴትን ስብ ወደ ዳሌና ጭን ይመራዋል። እዚያ ከቆዳ ሥር የተቀመጠ ስብ በቦታው ረግቶ ስለሚቆይ ወደ ደም የሚለቀው ጥቂት ነው። የወንድ ስብ ግን አንጀትና ጉበት ዙሪያ መከማቸት ይቀናዋል። ከዚያ የሚወጣው ቅባት በደም ሥር በቀጥታ ጉበት ውስጥ ይገባል። በቅባት የተሞላ ጉበት የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ መስማት ያቆማል፤ ስኳርና ትራይግላይሰራይድ ወደ ደም ይለቃል። ባለቤትዎ ላይ የታየው ይኸው ነው። ወንዶች ከሴቶች ባነሰ ውፍረት በስኳር ሕመም የሚያዙትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ቦርጭን የድሎት ምልክት ማድረጋችን ነው። በምሠራበት ክሊኒክ ኪሎው መጠነኛ ስለሆነ ደስ ብሎት ከሚዛን የሚወርድ ወንድ፣ ሜትር ሳወጣ ሆዱን ያስገባል። እባክዎ ቤት ውስጥ በልብስ ሰፊ ሜትር ተለካኩ፤ ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ አየር ካስወጡ በኋላ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያን ያስቀመጠው ወሰን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው።

የእሱ 119 ገና ስኳር ሕመም አይባልም፤ ከ100 እስከ 125 ያለው የቅድመ ስኳር ደረጃ ነው። አሁን ከነቃ ይመለሳል። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት ከክብደት 7 በመቶ መቀነስንና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ግብ አድርጎ በስኳር የመያዝን ዕድል በ58 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ለባለቤትዎ ይህ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ቢራና ለስላሳ ካለ ከዚያ ይጀምር፤ ለማረጋገጥም የሦስት ወር አማካይ ስኳሩን ይታይ።

ወደ እርስዎ ልምጣ፤ ለእርስዎም እሰጋለሁና። 91 መልካም ውጤት ነው፤ ግን 82 ኪሎ ለጉልበትዎም ለደም ግፊትዎም ከባድ ነው። ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን ሲቀንስ ስቡ ወደ ሆድ ይዞራል፤ መጥፎው ኮሌስትሮልም ይጨምራል። ሴት አንዴ ስኳር ከያዛት ደግሞ የልብ ሕመም አደጋዋ የሚጨምርበት መጠን ከወንዱ ይበልጣል። ጥሩው ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 እንዳይወርድ ይፈለጋል፤ የእርስዎን ስላልጻፉልኝ ወረቀቱን ይመልከቱ። በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶብዎት ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ልጆቹ ያደጉ ቢሆንም እንኳ፣ በየጊዜው መመርመር ያስፈልግዎታል።